የ7ኛ ክፍል ልጅ «ነገሥታቱን ማን መረጣቸው?» ብትላችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

መምህርት ከጫጫ

ጤና ይስጥልኝ። ጫጫ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት 7ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ባለፈው ሳምንት የዴሞክራሲን መርሆች እያስተማርኩ ነበር። ሥልጣን የሕዝብ ነው፣ መሪ በምርጫ ይመጣል፣ ሕግ ከሁሉም በላይ ነው፤ ያው የምታውቁት ነው። ከኋላ የምትቀመጥ ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አገራችንን የመሠረቷት ነገሥታት ናቸው ብለን ተምረናል። ነገሥታቱን ማን መረጣቸው?» አለች። አንዱ ልጅ «እግዚአብሔር ነዋ!» አለ። ሌላው «ጦራቸው ነው እንጂ» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ ተንጫጫ። በዚያው ደወል ተደወለ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን ብያቸው ወጣሁ።

ጥያቄው በጣም ደስ ብሎኛል። ግን በ40 ደቂቃ፣ ከ60 በላይ ልጅ በታጨቀበት ክፍል እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳቸው? «ልጄን ፖለቲካ እንዳታስተምሩብኝ» የሚል ወላጅም አለ። አልፈርድባቸውም፤ ጊዜው ያስፈራል። ቢሆንም የዜግነት ትምህርት ያለ ጥያቄ ምን ይረባል? ልጆቹ «ዴሞክራሲ ማለት ከሕዝብ፣ በሕዝብ፣ ለሕዝብ» የሚለውን እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ፈተና ላይም በደንብ ይጽፉታል። የክፍል አለቃ ሲመረጥ ግን መምህሩ በጣቱ ይጠቁማል፣ አለቀ።

አንጎለላ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ልጆቹ በየቀኑ የሚረግጡት መሬት ታሪክ ነው። ያንን ታሪክ ከዴሞክራሲ ጋር አገናኝታችሁ ያስተማራችሁ ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ። ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ ነገር ነው የምፈልገው።

የልጆች አባት፣ ደብረ ሲና

መምህርት፣ ድካምሽን አከብራለሁ። እኔ ግን ልጆቹ መጀመሪያ መሠረቱን ይያዙ ባይ ነኝ።

ልጄ 8ኛ ክፍል ናት። ዓድዋ መቼ ነው ስላት ወሩን ትነግረኛለች፣ ዓመቱን አታውቀውም። የጣርማ በርን ዋሻ ማን ሠራው ብላት ዝም አለች። ስንት ጊዜ አልፋበታለች እኮ! ጣሊያን መንገዱን ሲቆፍር እነ ራስ አበበ አረጋይና እነ ኃይለ ማርያም ማሞ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ተራራና ገደል ሲዋደቁ እንደነበር ሳያውቅ የሚያድግ ልጅ፣ ስለ ምርጫ ቢከራከር ምን ይፈይዳል? ማን ምን ከፍሎ እዚህ እንደደረስን ይወቅ። ዓመቱን፣ ቦታውን፣ ስሙን ይሸምድድ። ክርክሩ 9ኛ ክፍል ሲገባ ይደርሳል።

ጡረተኛ መምህር፣ መሐል ሜዳ

መምህርት፣ እንኳን ጠየቅሽ። ዕድሜዬን ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ይኼ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያሳስበኛል። ስለዚህ ረዘም ካለብሽ ታገሺኝ።

የልጅቱን ጥያቄ ሸፋፍነሽ አትለፊው። መልሱ አጭር ነው፤ ነገሥታቱን ሕዝቡ አልመረጣቸውም። እንዲሁ በግልጽ ንገሪያቸው። አገር መመሥረትና ዴሞክራሲ ዕድሜያቸው ለየቅል ነው። አገሪቱ ጥንታዊት ናት። ባለቤቷ ሕዝቡ ነው የሚለው ሐሳብ ግን በሕግ ከተጻፈ መቶ ዓመት እንኳ አልሞላውም። ልጅ ይኼን ስለሰማ አገሩን አይጠላም። ትልቅ ሰው እንደዋሸው የገባው ዕለት ነው የሚያዝነው።

የደብረ ሲናው ወንድሜ ዓመቱንና ቦታውን ይያዙ ማለታቸው ልክ ነው። ግን ዓመት ከጥያቄ ጋር ካልመጣ አይቆይም። ድሮ የሥነ ዜጋ መጽሐፍ 11 እሴቶች ነበሩት። ከዴሞክራሲያዊ ሥርዓት ጀምሮ እስከ ቁጠባና ዕውቀትን መሻት ልጆቹ አንድ ሳያስቀሩ ይወጡት ነበር። ክረምቱ ሲያልፍ ስትጠይቂያቸው ግማሹ የለም።

አንጎለላን ካነሣሽ ከዚያው ጀምሪ። በ1834 ዓ.ም. ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል የተዋዋሉት እዚያ ነው። በ1836 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ምኒልክ የተወለዱትም እዚያው ነው። ይኼን ሰሌዳ ላይ ጻፊና ጠይቂያቸው። ውሉ ሲፈረም እነማን ነበሩ? ገበሬው ተጠይቋል? ሴቶቹስ? ከአንኮበር ቁልቁል ሲወረድ አልዩ አምባ አለ፣ የሲራራ ነጋዴው ገበያ። በዚያ ዘመን በዚያ አካባቢ ከጨውና ከጨርቁ ጋር ሰው ይሸጥ ነበር። እነዚያ ሰዎችስ? ይኼን መናገር የሚከብደው መምህር ብዙ ነው። አንቺን አይክበድሽ። ባርነትን ያስቀረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው። የልጆቹ ቅድመ አያቶች የደረሱበት ዘመን ማለት ነው።

ልቼም ደብረ ብርሃን አጠገብ ናት። በ1870 ዓ.ም. ምኒልክ ለአፄ ዮሐንስ የገበሩት፣ እሳቸውም የሸዋ ንጉሥነታቸውን ያጸኑላቸው በዚያ ነው። ካህናት በመሐል ገብተው፣ ተደራድረው ነው ያለቀው። ስምምነት ከጦርነት ይሻላል፤ ልጆቹ ይኼን ወዲያው ይሉሻል። ከዚያ ደግሞ «ስምምነቱ የስንት ሰው ነበር?» በያቸው።

ዓድዋን በዚሁ ዓይን አሳያቸው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የቆመው የሸዋ ገበሬ ስንቁን በራሱ አህያ ጭኖ የሄደ ነው። ሴቶቹ በሶና ድርቆሽ አሰናድተዋል፤ ብዙዎቹም አብረው ዘምተዋል። እኒህ ሰዎች ማን ይግዛን ብሎ የጠየቃቸው የለም። አገሪቱን ተሸክመው ያቆሟት ግን እነሱ ናቸው። ለዚያች ልጅ ሙሉው መልስ ይኼ ይመስለኛል። ነገሥታቱን ሕዝብ አልመረጠም፤ ያለ ሕዝብ ግን አንድም ንጉሥ አገር አላቆመም። ታዲያ አገር ያቆመ ሕዝብ ለምን ሳይጠየቅ ይቀራል? ክርክሩን ከዚህ አስጀምሪው።

እኔ በጣም የምወደው ክፍለ ጊዜ ግን አራቱን ሕገ መንግሥቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኩበት ነው። ሰሌዳውን አራት ቦታ ከፈልኩት። በየአናቱ ዓመቱን ጻፍኩ። ጥያቄው ለአራቱም አንድ ነው፤ እዚህ ወረቀት ላይ የሚናገረው ማን ነው?

የ1923ቱ የንጉሠ ነገሥቱ ስጦታ ነው። ሐምሌ 9 ቀን እሳቸው ሰጡ፣ ሕዝቡ ተቀበለ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን እንኳ የመረጧቸው መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ናቸው። የ1948ቱም የንጉሡ ነው፤ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። 21 ዓመት የሞላው፣ ወንድም ሴትም፣ የሕግ መምሪያ አባላትን መምረጥ ቻለ። በዚያው ሕግ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የምክር ቤት አባል ሆኑ። ሴቶቹ ልጆች ይኼን ስነግራቸው ቀና ብለው ነበር የሚቀመጡት። ለመመረጥ ግን ንብረት ያስፈልግ ነበር። ፓርቲ የሚባል አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ሥልጣን አይጠየቅም። በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው የደርጉ ደግሞ በሠርቶ አደሩ ሕዝብ ስም ይናገራል፤ የሚመራው ግን አንድ ፓርቲ ብቻ ነው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው፣ አሁን ያለንበት፣ «እኛ የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ብሎ ይነሣል።

እዚህ ስንደርስ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ እኛ ያለው ማን ነው? አባቴ ፈርሟል?» አለኝ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚያው ላይ እቆያለሁ። አባትህ አልፈረመም፣ ግን 18 ዓመት ሲሞላህ በአንቀጽ 38 ትመርጣለህ። የመረጥከው ሰው በየአምስት ዓመቱ ወደ አንተ ይመለሳል። በመሐል እምነት ካጣህበት በአንቀጽ 12 ከመራጩ ሕዝብ ጋር ሆነህ ከቦታው ልታነሣው ትችላለህ። አንቀጹን ራሳቸው እንዲያነቡት አድርጊ። ጮክ ብለው ያንብቡት። ሕገ መንግሥቱ በአማርኛ የተጻፈ ነው፣ 106 አንቀጽ ብቻ ነው፣ ልጅ ሊያነበው ይችላል።

ከዚያ ሁለት ተረት ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ነው። ሌላው «በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች»። ሁለቱም የአያቶቻችን ናቸው፤ ሁለቱም እዚሁ ቤታችን ውስጥ የሚነገሩ ናቸው። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ አከራክራቸዋለሁ። የመንዝ ልጅ መቼም ርስት ሲሟገት የኖረ ሕዝብ ልጅ ነው፣ ክርክር አያስተምሩትም። የጭብጦዋ ወገን ብዙ ጊዜ ያሸንፋል። የሕግ የበላይነት ፈረንጅ ያመጣው ነገር ነው ለሚለኝ ሰው ያችን ጭብጦ ነው የማሳየው።

አሁን ወደ ሰፈሬ ልምጣ። ጓሳን ታውቂዋለሽ። እንግዳ የሚመጣው ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት ነው። የእኛ ሰው ግን ጓሳን የሚያውቀው በሣሩ ነው። ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ በክፉ ቀን ከብት ይተርፍበታል። ይኼ ሣር ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተጠበቀው በሕዝቡ በራሱ ደንብ ነው። ቄሮ ይባላል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች በፈረስ እሽቅድድም ወሰን ተካፈሉ ይላሉ። ዘሮቻቸው በየወገናቸው አባ ቄራ የሚባል የደንቡን አለቃ ይመርጡ ነበር። ሣሩ ይዘጋ ከተባለ ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ዓመት ማንም ማጭድ አያሳርፍበትም። ጥበቃው የሁሉም ነው። ሣሩ ደርሷል ሲባል ይታወጃል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣል።

አንድ ጊዜ ተማሪዎቼን ይዤ ወጣሁ። ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አንድ ሽማግሌ ደንቡን እያስረዱን ሳለ አንዱ ልጅ ሣሩን ጨብጦ «አሁን ባጭደው ማን ይቀጣኛል?» አላቸው። «ጎረቤትህ ነዋ!» አሉት። «መንግሥት አይደለም?» አለ። «መንግሥት አዲስ አበባ ነው። ደንቡን ያወጣነው እኛ፣ የምንጠብቀውም እኛ» አሉት። ልጁ ሣሩን ለቀቀው። እኔ ያን ቀን ምንም አላስተማርኩም፤ ዝም ብዬ ከኋላ ነበር የቆምኩት።

ግን እዚያ ላይ እንዳታቆሚ። የቄሮው መብት ለሁሉም አልነበረም። የአስቦና የጌራ ዘር ላልሆነ ሰው ጓሳ ዝግ ነበር። ጎረቤት ሆኖ ኖሮ ሣሩን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ሰው ነበረ። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ያ ሁሉ ፈረሰ። ተከልክሎ የኖረው ገባ፣ ይኼ ፍትሕ ነው። ነገር ግን ደንቡ ባለቤት አጣ፤ ሣሩም ያለ ጊዜው ይታጨድ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ማኅበረሰቡ ራሱ ተመካክሮ ደንቡን በአዲስ መልክ አቋቋመ፤ ዛሬ ጓሳ ሕዝቡ የሚጠብቀው ክልል ነው። እንግዲህ አስቢው፤ መሥራቾች አሉ፣ የመሥራቾቹ ደንብ አለ፣ ከደንቡ ውጭ የቀረ ሰው አለ፣ ያ ሰው ሲገባ የሚመጣ ጣጣ አለ። የአገር ምሥረታን ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የአንቺም አካባቢ የራሱ አይጠፋም። ሽማግሌዎቹን ጠይቂ።

የክፍል አለቃውን ነገር እንዳነሣሽው ወድጄዋለሁ። ልጆቹ የሚወስኑት እውነተኛ ነገር ይኑራቸው። እኛ ጋ መጽሐፍ ለሁሉም አይደርስም ነበር፤ ማታ ማን ይውሰደው የሚለው ሁልጊዜ ጭቅጭቅ ነው። ደንቡን እናንተው አውጡ ብዬ ተውኳቸው። ተራ አወጡ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣው ልጅ ቅዳሜና እሑድን ይያዘው አሉ። ያቆየ ሰው ተራው ይዘለል አሉ። አለቃው ራሱ መጽሐፉን ሳይመልስ ቀረ። ሁሉም እኔን አየ። እኔ ደንቡን የለጠፍኩበትን ግድግዳ አየሁ። ተራው ተዘለለ። አኮረፈ፣ ግን መለሰ። ከዚያ በኋላ የሕግ የበላይነትን ሳስተምር ብዙ አልደከምኩም።

ስለ ወላጆቹ አንድ ነገር ልበልሽ። የዛሬ ሹም ስም፣ የዛሬ ፓርቲ ስም ክፍል ውስጥ አይግባ። የእድራቸውን ደንብ ከቤት ጠይቀው ይምጡ። ዳኛው እንዴት ይመረጣል? ገንዘቡን ማን ይይዛል፣ ማን ይቆጥራል? ዳኛው ቢያጠፋ ምን ይደረጋል? እድር የማያውቅ ወላጅ የለም። ልጁ መጥቶ ሲጠይቀው ደስ ብሎት ነው የሚያስረዳው። የፈሩት ፖለቲካ ይኼው ብቻ መሆኑን ያዩታል።

መምህር፣ ደብረ ብርሃን

የመምህራችንን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልን። እኔ ሌላ ችግር አለብኝና እሱን ልጨምር።

ክፍሌ ውስጥ ከቤታቸው ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ። አንቀጽ 32ን ሳስተምር፣ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖር መብት አለው ስል፣ አንዷ ልጅ አንገቷን ደፋች። ከእረፍት በኋላ መጥታ «ታዲያ እኛን ለምን አስወጡን?» አለችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ፊት ቆሞ አንቀጽ መደርደር ይከብዳል። ቢሆንም አንቀጹን አልዘልለውም። ብዘልለው መብቷን ሁለተኛ ጊዜ መውሰድ ይመስለኛል። ያደረግኩት ይኼን ነው። በሚቀጥለው ቀን ሰሌዳው ላይ «የተጻፈ» እና «የተከበረ» ብዬ ሁለት ዓምድ ሠራሁ። እያንዳንዱን መብት የት እናስቀምጠው ብለን ተወያየን። ከዚያ አንቀጽ 13ን አነበብን፤ መብቶቹን የማክበርና የማስከበር ግዴታ የማን እንደሆነ ይናገራል። ልጆቹ ዝርዝር አወጡ። ፍርድ ቤት አሉ፣ ፖሊስ አሉ፣ ቀበሌ አሉ። ያች ልጅ «ጎረቤትም» ብላ ጨመረች። ጎረቤት አንቀጹ ውስጥ የለም። ግን እንዳለ ጻፍኩት።

ሁለተኛው ነገር አንቀጽ 36 ነው። የሕፃናት መብት ነው፤ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት በግልጽ ተጽፏል። ሕገ መንግሥት እኮ ነው የምለው፣ የትምህርት ቤት መመሪያ አይደለም። ጎማ ይዞ ክፍል የሚገባ መምህር ግን ዛሬም አለ። ልጆች ስለ መንግሥት የሚማሩት መጀመሪያ ከመምህሩ ነው። እጁን ሲያነሣ ካዩት፣ ሥልጣን ማለት ያ ነው ብለው ይይዙታል። በጎማ እየመታን ዴሞክራሲን ብናስተምር አንድም ልጅ አያምነንም። ይኼን አንቀጽ በትልቁ ጽፌ ከሰሌዳው በላይ ለጥፌዋለሁ። አንዳንድ ባልደረባ አልወደደውም። ልጆቹ ግን ለንባብ አዲስ ለሆኑት ሳይቀር ያነቡላቸዋል።

የልጆች አባት፣ ደብረ ሲና

መምህር፣ የጓሳው ነገር አሳመነኝ። እንዲህ ከሆነ ለ7ኛ ክፍልም አይከብድም። ስሞቹና ዓመቶቹ ይሸምደዱ ያልኩትን ግን አልተውኩም። ሃሪስን፣ ልቼን፣ 1870ን ያነሡት እርስዎ በቃልዎ ስለያዙት ነው፤ ልጆቹም ይያዙት። የእድሩን ጥያቄ ዛሬ ማታ ልጄን አስጠይቃታለሁ። እኔ ራሴ የእድር ጸሐፊ ነኝ።

መምህርት ከጫጫ

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ እንዲህ ብዬ ብጠራዎት ቅር አይበልዎት፤ የአራቱን ሕገ መንግሥቶች ሰሌዳ በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ አደርገዋለሁ። ከአንጎለላ እጀምራለሁ።

ሁለት ነገር ልጠይቅዎት። በቄሮው ሥርዓት ሴቶች ድምፅ ነበራቸው? ያች ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይኼንኑ ነው፤ አውቃታለሁ። ሌላው፣ ዘንድሮ 4ኛ ክፍል ግብረ ገብ ተደርቦልኛል። ለእነሱ ሕገ መንግሥት ማንሣት ይቻላል?

ጡረተኛ መምህር፣ መሐል ሜዳ

ጋሼ ማለትሽ ደስ ይለኛል እንጂ ምን ቅር ይለኛል።

አባ ቄራ የሚሆነው ወንድ ነበር። የሣሩ ጣሪያ የሴቷም ቤት ነው፤ ሹመቱ ግን የወንድ ነው። ሳትሸሽጊ ንገሪያት። ከዚያ ወይዘሮ ስንዱ የተመረጡበትን ምርጫ አስታውሻት፣ አያይዛ ራሷ ትጨርሰዋለች። አሁን ያለውን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 35ንም ስጫት፤ የሴቶች መብት የተጻፈበት ነው። ቤት ወስዳ ከእናቷ ጋር ታንብበው።

ለ4ኛ ክፍል ሕገ መንግሥት አታንሺ። ጨዋታ ይበቃቸዋል። ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ የለ? ከመጀመራቸው በፊት አንድ ደንብ ራሳቸው እንዲጨምሩ አድርጊ፤ ሁሉም ይስማማበት። ጨዋታው ሲሞቅ ሊሸነፍ የደረሰ አንድ ልጅ ደንቡን ሊቀይር ይነሣል፤ አይቀርም። አንቺ አትገላግዪ። ይጩኹ። ሲጨርሱ አስቀምጫቸውና ለምን እንደጮኹ ጠይቂያቸው። የሚሉትን በራሳቸው አነጋገር ጻፊው። ለ7ኛ ክፍሎቹም አንብቢላቸው፣ የሕግ የበላይነት የሚለው ምዕራፍ ላይ ስትደርሺ።